«ሰገራ ተመርምሬ ነፃ ነኝ» ለምትሉ፣ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ከሰሜን ሸዋ የተጻፈ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የጤና ገፃችሁ ላይ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ሰው አፍሮ የማያወራውን ነገር በጋዜጣ ማንሳታችሁ ራሱ ጥሩ ነው። ግን ማሳረጊያው ላይ «እድሜዎ 45 ከሞላ ኮሎኖስኮፒ ይታዩ» ብላችሁ ዘጋችሁት፣ ኮሎኖስኮፒ ማለት ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች አስገብቶ ትልቁን አንጀት ማየት ነው። ይሄ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይከብዳል፣ መሐል ሜዳ ወይ ሞላሌ ላለ ሰው ደግሞ ጭራሽ። የት ሄዶ ነው የሚታየው፣ በምን ብር፣ መንገዱስ ክፍት ሆኖ ነው ወይ? እናንተ ያለፋችሁት ሌላ ምርመራ አለ፣ ሰውየው እቤቱ ሆኖ በራሱ እጅ ናሙና ወስዶ የሚልከው፣ እሱን እኔ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ብዙ ዓመት የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብትስቁ ግድ የለም እኛም እንስቃለን። ድሮ ሰው ናሙናውን በክብሪት ቀፎ ነበር የሚያመጣው፣ አሁን ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ እንሰጣለን፣ ግን እፍረቱ ያው ነው፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልለው ጋቢያቸው ስር ሸጉጠው መጥተው ሰው ዞር እስኪል ጠብቀው መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ላጥ የሚሉ ሽማግሌ አሉ፣ ስም እንኳን አልተጻፈበትም፣ «አባባ የማን ነው ይሄ» ብዬ ስጣራ ዞረውም አያዩኝ።

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው። እኛ ሀገር ሰገራ ያልተመረመረ ሰው የለም። ሆዱን ቆረጠኝ ያለ ሁሉ ይመረመራል፣ ስለዚህ ስለ አንጀት ካንሰር ስታወራው «እኔ'ኮ ሰገራ ተመርምሬ ነፃ ነኝ» ይልሃል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳይሃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን እኛ በማይክሮስኮፕ ያየነው ነው፣ አሜባ አለ ወይ፣ ጃርዲያ አለ ወይ፣ የወስፋት ወይ የመንጠቆ ትል እንቁላል አለ ወይ፣ በቃ። ካንሰር እዚያ አይታይም። ሌላው ደግሞ ለጨጓራ ተብሎ ኤች ፓይሎሪ በሰገራ ይታያል፣ እሱም ባክቴሪያ ነው የሚፈልገው። ለአንጀት ካንሰር የሚሆነው ሦስተኛው ነው፣ በዓይን የማይታይ ደም መኖር አለመኖሩን የሚያየው፣ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ኦከልት ብለድ የምንለው። እሱን ካልታዘዘልህ ማንም አይሠራልህም፣ የሚታዘዘው ደግሞ በጣም ለጥቂት ሰው ነው።

በዓይን የሚታይ ደም ከመጣ ደሞ መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። «ኪንታሮት ነው።» ካልሆነ አሜባ፣ እሱም ካልሆነ ብርድ መቶኝ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም መቼም። ፋሲካ ሰሞን ከሆነ ቁርጡ ይከሰሳል። ልዋሽ አልፈልግም፣ ከታች የሚመጣ ደም አብዛኛው እውነትም ኪንታሮት ነው የሚሆነው፣ አሜባም ያደማል፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላው ሲወረድ ቢልሃርዚያም አለ። ክፋቱ ማንም ሳያየው ኪንታሮት መባሉ ነው። ሐኪም በጓንት አንድ ጊዜ ቢዳስሰው ብዙ ነገር ይታወቅ ነበር፣ ግን የኛ ሰው ለዚያ ከሚተኛ የስልክ እንጨት ላይ በተለጠፈችው «ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን» በምትለው ወረቀት ደውሎ የሆነ ቅባት ገዝቶ ቢመጣ ይመርጣል። አሜባ የተባለውም የአሜባ መድኃኒቱን ትኒውን ይውጣል፣ ለትንሽ ቀን የተሻለው ይመስለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ነው።

ካንሰሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታይ ደም አያመጣም። በቀኝ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል ላይ ከሆነ ደሙ ከሰገራው ጋር ተለውሶ ስለሚወጣ ሰውየው ምንም አያይም። አንድ አባት ከአንጎለላ በኩል መጡ፣ ምናቸውን እንደሚያማቸው እንኳን አያውቁም፣ «ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል» ነው የሚሉት፣ ልጃቸው ደግሞ «ጾም ስለሚያበዙ ነው» ይላል። ደማቸውን ስሠራው ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገው ነገር) 6 ነጥብ ምናምን ነው፣ በጣም ወርዷል። የወር አበባ የሚያይ ሰው አይደሉ፣ አልወለዱ፣ አልቆሰሉ፣ በዚያ እድሜ ወንድ ሰው ደሙ እንዲህ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሆነ ቦታ እያፈሰሰ መሆኑ እኮ ነው። ሌላ ቦታ ደም የሚተካ እንክብል ተሰጥቷቸው ወራት ውጠዋል፣ ከየት እንደሚፈስ የጠየቀ ግን የለም። ኦከልት ብለድ ሲሠራላቸው ፖዘቲቭ፣ አዲስ አበባ ሲላኩ በቀኝ በኩል ዕጢ፣ እሱም ጉበት ደርሷል። ይሄን ያህል ነው የማውቀው፣ ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ገበያ ላይ አግኝቼው ጥቁር ለብሶ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነገር በአንድ ቀን የሚመጣ በሽታ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው የሚጀምረው ፖሊፕ ከምትባል የአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እባጭ ነው፣ ወደ ካንሰር እስክትለወጥ አስር ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። በዚህ መሀል ከተገኘች በዚያው በኮሎኖስኮፒው ተቆርጣ ትወጣለች፣ ኦፕሬሽን የለ ምን የለ። ካንሰር ሆኖም ቢሆን ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተደረሰበት በአሜሪካ ቁጥር ከ10 ሰው 9ኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፣ ሌላ አካል ላይ ከተሰራጨ በኋላ ከሆነ ግን ከ10 ሁለት ሰው እንኳን አይሞላም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው ታሞበታል፣ ከ900 ሺህ በላይ ሞቶበታል፣ ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድል እሱ ነው። ፔሌም በዚሁ ነው የሞተው። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና ክፍል) ሄዶ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ይቀመጥ፣ እኛ ጋ ደሞ 40 ያልሞላቸውም ይመጣሉ።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ድሮ የነበረው ጉዋያክ የሚባለው ነው፣ ወረቀት ላይ ሰገራውን ትቀባለህ፣ ጠብታ ትጨምርበታለህ፣ ደም ካለ ሰማያዊ ይሆናል። ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ከ46 ሺህ በላይ ሰው ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት በየዓመቱ ይሄን የተመረመሩት በአንጀት ካንሰር የመሞታቸው ነገር በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። ግን ጉዋያክ የሰው ደም ይሁን የበሬ ደም አይለይም፣ ቁርጥ የበላ ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ነው፣ ቫይታሚን ሲ ያበዛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ደም እያለው ኔጌቲቭ ሊወጣ ነው፣ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ሥጋ አትብላ ይሄን አትብላ ይባላል። አዲሱ ግን ፊት (በእንግሊዝኛ FIT) ይባላል፣ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው ያለው። ጥሬ ሥጋም በላህ ክትፎ እሱ ግድ የለውም። ለኛ ሀገር ከዚህ በላይ ምን ይመጣል፣ የበዓል ማግስት እንኳን መመርመር ትችላለህ።

ጃፓን ይሄን ፊት የሚባለውን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በየዓመቱ ትሠራለች። ሆላንድ በ2014 ጀመረች። እንግሊዝ በ2019 ጉዋያኩን ትታ ወደዚህ ዞራለች፣ እዚያ ዕቃዋ በፖስታ እቤትህ ትመጣለች፣ ሽንት ቤትህ ገብተህ ወስደህ አሽገህ በፖስታ መልሰህ ትልካለህ። ይሄን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው «ሰገራ በፖስታ?!» ብለው ነበር፣ አዎ በፖስታ። አሜሪካ ደሞ ከደሙ በተጨማሪ የካንሰሩን ዲኤንኤ የሚፈልግ ሌላ በትልቅ ካርቶን የሚመጣ አለ፣ ሰገራውን በሙሉ ነው የሚቀበለው። የአክስቴ ልጅ ከዚያ ስትመጣ ለአባቷ አንዱን በሻንጣ ይዛ መጣች፣ ልጅ አይደለች አሳቢ ናት፣ ግን ናሙናው በቀናት ውስጥ እዚያው አሜሪካ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፣ ከደብረ ብርሃን እንዴት ብሎ! ካርቶኑ አሁን የሽሮ ማስቀመጫ ሆኗል። ዳያስፖራ ዘመድ ያላችሁ ይሄን ንገሯቸው፣ በከንቱ አይድከሙ።

ለኛ የሚሆነው ትንሿ የፊት (FIT) ምርመራ ጠርሙስ ናት። ቁመቷ ከጣት አይበልጥም፣ ውስጧ ጥቂት ፈሳሽ አላት፣ ክዳኗ ላይ ቀጭን እንጨት መሳይ ነገር ተሰክቷል፣ ጫፉ ላይ ቦይ ቦይ ያለው። ሰገራውን በእንጨቱ የተለያየ ቦታ ላይ ጫር ጫር ታደርገዋለህ፣ ቦዩ ላይ የያዘችው ትበቃለች፣ ክምር አያስፈልግም፣ ሰው «ትንሽ ነው» ብሎ ሲጠቀጥቅ ነው የሚያበላሸው። መልሰህ ትከተዋለህ፣ ቀጭ እስኪል ትዘጋለህ፣ ፈሳሹ ቆሻሻ መስሎህ እንዳትደፋው፣ ስምና ቀን ትጽፋለህ፣ አለቀ። ማንም አያይህም፣ ማንም አይነካህም፣ በተለይ ለሴቶቹ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወይ ሽንቱ ላይ ደም ያለበት ሰው ግን እስኪያልፍ ይቆይ።

ሽንት ቤታችን ጉድጓድ ነው እንዴት ይያዛል የሚለኝ ሰው አለ። ከፈረንጁ ይልቅ የኛ ይቀላል እኮ፣ የነሱ ሽንት ቤት ውስጡ ውሃ ስላለ ነው የሚቸገሩት፣ ናሙናው ውሃም ሽንትም መንካት የለበትም። እኛ ቁጢጥ ነው የምንለው፣ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ንጹህ ፌስታል ወይ የጋዜጣ ወረቀት ታነጥፋለህ (ይሄንኑ ጋዜጣ ሊሆን ይችላል ይቅርታ አድርጉልኝ)፣ ሽንትህን ቀድመህ ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፣ ከወሰድክ በኋላ ቀሪውን ወደ ጉድጓዱ።

አየሩም ያግዘናል። የሰገራው ሄሞግሎቢን ሙቀት ላይ ሲቆይ ይፈርሳል፣ ጣልያን ውስጥ በሙቀት ወራት ፖዘቲቭ የሚወጣው ሰው ቁጥር ሲቀንስ ታይቷል፣ ደሙ ጠፍቶ ሳይሆን መንገድ ላይ ፈርሶ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ መንዝ ደግሞ አይወራም፣ ፍሪጅ የሌለው ቤት ሁሉ ፍሪጅ ነው። ይሄን ብርድ ስንሰድበው ኖረን አንድ ቀን ሊጠቅመን ነው። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ እዚያ ጠርሙሷን ኪስ ውስጥ ይዞ ውሎ ማደር አይሆንም፣ በተወሰደበት ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት መመሪያ ለዞኑ ሁሉ ብሎ ነገር አይሠራም።

በፖስታ ይላክ እንዳንል እኛ ሀገር ፖስታ ቤት ለቤት እምብዛም አይዞርም። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ግን አሉልን፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው፣ ማን ቤት ስንት ሽማግሌ እንዳለ ያውቃሉ፣ እትዬ እገሌን «እማማ እስቲ ይቺን ያዙ» ብትላቸው እሺ የሚሉት እሷን ነው እንጂ ከዞን የመጣ ባለ ላፕቶፕ አይደለም። ትስጣቸው፣ ለገበያ ሲወጡ ጤና ጣቢያ ጥለውት ይሂዱ። የሥራ ጫናቸው እንደበዛ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እንደ ሌላው ጊዜ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን አበሉም አብሮ ይታሰብ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ምርመራው አንድ ጊዜ ሲሠራ ከ4 ካንሰር አንዱን ገደማ ሳያገኘው ያልፋል፣ ፖሊፖቹን ደግሞ አብዛኛዎቹን ያልፋቸዋል፣ ሁሉም ሁልጊዜ ስለማያደሙ። ስለዚህ በየዓመቱ ወይ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ካልተደገመ ዋጋ የለውም፣ አንድ ዘመቻ ሠርቶ ፎቶ ተነስቶ መሄድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም፣ ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሰዎች 5ቱ ገደማ ፖዘቲቭ ይወጣሉ፣ ኪንታሮትም ሊያወጣው ይችላል፣ እኛ ጋ አሜባውና ቢልሃርዚያው ሲጨመር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እኔ የምፈራው ፖዘቲቭ የተባለው ሰውዬ እቤቱ ገብቶ በድንጋጤ ጠበል ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው። ጠበሉን ይያዝ፣ ቀጠሮውንም ይያዝ።

ቀጠሮ ስል ያው ኮሎኖስኮፒ ነው፣ ከሱ አላመለጥንም። ልዩነቱ ግን ሺህ ሰው ኮሎኖስኮፒ ታይ ከማለት ሺህ ሰው ሰገራ መርምሮ ሃምሳ ስልሳውን ብቻ መላክ ነው፣ እሱ ይቻላል። ስለዚህ ኪቱን (የናሙና መውሰጃ ዕቃዋን) የሚገዛው አካል ማንም ይሁን ማን፣ ጤና ቢሮም ይሁን ረጂ ድርጅት፣ ካርቶኑን ከመክፈቱ በፊት በዓመት ስንት ኮሎኖስኮፒ ማሠራት እንደሚችል ይቁጠር፣ መቶ ከሆነ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ገደማ ኪት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ከበተነ ሰውን አስደንግጦ መተው ነው። እኔ የማውቃቸው የተላኩት አዲስ አበባ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፣ ለታማሚ ግን መንገዱ ብቻ አይደለም፣ አንጀቱ እንዲታጠብ ብዙ ሊትር መድኃኒት ይጠጣል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ነው፣ የጋራ ሽንት ቤት ያለው አልጋ ቤት ውስጥ ወይ የዘመድ ሳሎን ላይ ይሄን አስቡት፣ አንድ የማውቀው ሰው በዚህ ብቻ አፍሮ ሳይታይ ተመልሷል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፣ እሳቸው ቀዶ ሐኪም ነበሩ፣ በስማቸው ባለው ግቢ የሚወጡ ልጆች ይሄን ሥራ በብዛት ተምረው እዚሁ ቢቀሩልን፣ ታማሚው ጠዋት ከጫጫ ወይ ከደብረ ሲና መጥቶ ማታ እቤቱ ቢገባ ነው የሚያምረው።

ፋርማሲ ገዝቼ ራሴ ላንብበው የሚል ካለ፣ እንደ እርግዝና ምርመራ ሁለት መስመር አንድ መስመር የሚያወጡ አሉ፣ ችግሩ ማንበቡ አይደለም፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣልኝ፣ ነፃ ነኝ ብሎ ደም እያየ የሚቀመጠው ሰው ነው። ይሄ ምርመራ ምንም የማያመው ሰው የሚመረመረው ነው። ደም በዓይኑ እያየ ያለ፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ከ50 በላይ ሆኖ የሆድ አመሉ የተለወጠበት፣ አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ የሆነበት፣ ወይ ደሙ ወርዶ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰው ኪት አይጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሄዶ ይዳሰስ። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይ እህቱ በዚህ በሽታ የታመመበት ሰውም የሱ መንገድ ኮሎኖስኮፒ ነው፣ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ፣ ወይ ዘመዱ ከታመመበት እድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ የቀደመው። «አባቴ በሆድ ቁርጠት ሞቱ» የሚባለውን እስቲ ደግማችሁ ጠይቁ፣ እንዴት ከሱ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር ወይ፣ ደም ነበር ወይ ብላችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የናሙና አወሳሰዱን በሥዕል አድርጋችሁ አንድ ቀን ብታወጡልን፣ ማንበብ የማይችሉ አባቶች ስላሉ ጽሁፉ ይነስ ሥዕሉ ይብዛ፣ ቆርጬ የላብራቶሪው መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ። ስትስሉት ግን እባካችሁ የፈረንጅ ሽንት ቤት እንዳትስሉ፣ የኛኑ ጉድጓዱን ሳሉት።

አክባሪያችሁ
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን